ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ

አንድ መምህር ነበር። ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምረው፤ ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሯል። የአፍሪካን ካርታ ጠመኔውን ሳያነሣ ይሥለዋል። የዓባይን ርዝመት ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የማያውቀው መንገድ ይኖር ይሆን? እስቲ አብረን እንየው።

ይህ መምህር ትርንጎ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረችው። ትርንጎ ታረፍዳለች። ዛሬም ታረፍዳለች፣ ነገም ታረፍዳለች። እሱ ደግሞ ሰልፍ ካለቀ በኋላ የመጣን ሁሉ ከአጥር ውጭ የሚያቆም ሰው ነው። በመጨረሻ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታረፍድ ትሰናበታለች የሚል። የመንደሯንም ስም ፖስታው ላይ የጻፈው በገዛ እጁ ነው።

በዚያው ሳምንት ለሥልጠና ወደ ዞኑ ከተማ ተጠራ። የጂኦግራፊ መምህራን በታብሌትና በሳተላይት ካርታ ማስተማርን ይማራሉ ተብሎ ነው። መምህራኑ ታብሌቱን እንደያዙ መጀመሪያ ምን የፈለጉ ይመስላችኋል? አንዱ ፓሪስን፣ አንዱ ዱባይን። እኛስ ብንሆን? ያው ነን።

አሠልጣኟ ሊሻን የምትባል ወጣት ናት። ዱባይን ተዉአትና የአንድ ተማሪያችሁን ቤት ፈልጉ፣ ከዚያም እስከ ትምህርት ቤቱ ለኩ አለቻቸው። የተማሪውን ቤት ማን ያውቃል? የእኛ መምህር ግን አንድ የመንደር ስም ያስታውሳል፤ ፖስታው ላይ የጻፈውን። ፈለገና አገኘው። ከመንደሩ እስከ ትምህርት ቤቱ በጣቱ ቀጥ ያለ መስመር አሠመረ። ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ደስ አለው፤ ለዚህች ነው እንግዲህ የምታረፍደው ብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው አሳየው።

ሊሻን መጥታ አየችና፣ "ጋሼ፣ እስቲ መሬቱን አዘንብለው ይዩት" አለችው።

በሁለት ጣቱ ካርታውን ሲያዘነብለው የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ወጣ። ያቺ ቀጥ ያለች መስመር ለካ ገደል ላይ ነው የተንጠለጠለችው። ከሥሯ ወንዝ አለ፤ ድልድይ የለም። ሰው የሚሄድበትን ዙሪያ መንገድ ተከትሎ ቢለካው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሆነ። ልብ በሉ ወገኖቼ፣ ስለ ገደልና ሸለቆ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። አፈረ። የዚያን ቀን ምሳውን እንኳ አልበላም።

ሰኞ ትርንጎ አረፈደች። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ባየች ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሏት፣ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ልታስረክብ ከቦርሳዋ ታወጣ ጀመር። እሱ ግን በየት በኩል እንደምትመጣ ጠየቃት።

"ዞሬ በመልካው ነው ጋሼ" አለችው። "ወንዙ ሲሞላ እስኪጎድል እጠብቃለሁ። የሰልፉን መዝሙር ከማዶ እሰማዋለሁ። እኔም እዚያው ሆኜ እዘምራለሁ።"

መጻሕፍቱን ወደ ቦርሳዋ መለሰላት። ደብዳቤውንም ሻረው። የዚያን ቀን ትምህርት የትርንጎ መንገድ ሆነ፤ መምህሩ ከሥልጠናው ያመጣውን ታብሌት ይዛ ያስተማረችውም ራሷ ትርንጎ ናት።

እናንተስ ወገኖቼ፣ የሰውን መንገድ በምን ትለካላችሁ? መጠጥ አልተው ያለው ጎረቤታችሁ፣ ከእናንተ ጋር ያልታረቀችው እኅታችሁ። "አንድ እርምጃ ናት፣ ምን ያስቸግራል?" ትላላችሁ። ቀጥ ያለች መስመር አሥምራችሁ ነዋ። መሬቱን አዘንብላችሁ አይታችሁታል? ሺህ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ በየት ነው የመጣኸው ብለን ግን አንጠይቅም።

ቅድም ስብከቱ ከተጀመረ በኋላ በሩን ገፋ አድርጎ የገባ ሰው ነበር። ሁላችሁም ዞራችሁ አያችሁት። እኔም አልዋሽም፣ በልቤ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። በየት በኩል እንደመጣ አላውቅም። መዝሙራችንን ግን ከማዶ ሰምቶታል። ስንወጣ ከእኔ ቀድማችሁ ሰላም በሉት።