በስልክ የሚነቃው ዶሮ

ተረት ተረት፤ የዶሮ ቤት።

አውራ ዶሮው ከሞተ ሦስት ወር ሆኖታል። ለልጁ የቀረለት በስልክ የተቀዳ ጩኸቱ ብቻ ነበር። ጎረምሳው ዶሮ በየማለዳው በዚያ ድምፅ እየነቃ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

አንድ ቀን መምህሯ እመት ኤሊ፣ "ተማሪ ሁሉ ሦስት ቀን ያለ ስልክ ይኑር! ስልካችሁን ወዲህ በሉ" አለች።

"እመት ኤሊ፣ ታዲያ እኔን ማን ይቀሰቅሰኛል?" አላት ጎረምሳው ስልኩን እንደ ጨበጠ።

"ልጄ፣ እኔ ለጠዋት ትምህርት ከቤቴ የምነሣው በዋዜማው ነው። አንተም መላህን ፈልግ" ብላ ስልኩን ተቀበለችው።

በማግስቱ ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትደርስ ተኛ። የነቃው ጎረቤቱ አህያ ሲያናፋ ነው።

"ዶሮን አህያ ሲቀሰቅሰው ዛሬ ገና አየሁ! ኧረ አባትህ እንዳይሰማ!" አለው አህያ። በሁለተኛውም ቀን ያው ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ግን ሳይነጋ ባነነ። ጆሮውን ቢጥል ጸጥ ብሏል። የአባቱ ድምፅ ናፈቀው። አንገቱን አስግጎ ቢሞክር እንደ ዛገ በር ሲጥ አለ። አፈረ። ዙሪያውን አየና ደግሞ ሞከረ፤ አሁን መንደሩን አናጋው።

አህያ ከጋጣው ደንብሮ ወጣ። "በስመ አብ! አያ አውራ፣ ከሞት ተነሣህ እንዴ?"

"እኔ ነኝ፣ አያ አህያ።"

"አንተ? ድምፁ እኮ የሱ ነው!"

ከትምህርት በኋላ እመት ኤሊ ስልኩን መለሰችለት። ሲመሽ የአባቱን ጩኸት አንድ ጊዜ ከፍቶ አዳመጠ። ከዚያ የማለዳውን ደወል አጠፋና ቆጡ ላይ፣ በአባቱ ቦታ ወጥቶ ተኛ።