የዘይቱ መልስ

አንድ የዘይት ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። ይህ ሰው ከገንዘብ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር የሒሳብ ጥያቄ ነው። እንግዳ ቤቱ ከመጣ ገና ምሳው ሳይቀርብ፣ አንድ ሰው ይህን ያህል ብር ይዞ ገበያ ቢወጣ፣ ይህንና ያንን ቢገዛ፣ መልሱ ስንት ነው እያለ ያስጨንቃል። በተሳሳተው ይስቅበታል። መቼም ሀብታም ሲቀልድ የማይስቅ የለምና ሌሎቹም አብረው ይስቁለታል። «ሒሳብ አይዋሽም» ማለት ይወድ ነበር።

ያን ሰሞን ዘርጋው ዘይት መሸጥ አቁሟል። ዋጋው እስኪንር ብሎ መጋዘኑን በጀሪካን ሞልቶ ቆልፎበታል፤ ቁልፉ ከአንገቱ አይወርድም። ስስቱ ደግሞ ለቤቱ እንኳ አንዷን ጀሪካን አያስከፍትም። የቤት ሠራተኛውን ታንጉትን፣ እንደማንኛውም ሰው ከገበያ ገዝተሽ ነይ ይላታል።

አንድ ቅዳሜ አምስት መቶ ብር ሰጥቶ ላካት። ሽንኩርትና ዘይት ገዝታ መጣችና ሠላሳ ብር መለሰችለት። ዘርጋው ብሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ልታስረዳው አፏን ስትከፍት ዝም አሰኛት። ጓዟን አስፈተሸ፣ ፍራሿን አስገለበጠ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነና ምንም አላገኘም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አናደደው። ጎረቤቶቹን ጠራ። ሥራ ስትገባ ዋስ የሆኗትን ሽማግሌም አስጠራ። የጎደለውን ገንዘብ ዋሷ ይከፍላሉ፣ እሷ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች አለ።

ታንጉት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አንዴ ሌባ የሚል ስም ከወጣላት፣ በዚያ ከተማ ቤቱን የሚከፍትላት ሰው እንደማይኖር ታውቃለች።

ዘርጋው እንደ ልማዱ ክሱን በሒሳብ ጥያቄ ጀመረ።

«አንዲት ሴት አምስት መቶ ብር ይዛ ገበያ ወጣች። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ኪሎውን በአርባ ብር፤ ሦስት ሊትር ዘይት፣ ሊትሩን በመቶ ብር ገዛች። መልሱ ስንት ነው?»

ጎረቤቶቹ በጣታቸው ቆጠሩ። መቶ ሃያ ነው አሉ። ሽማግሌውም ቆጥረው መቶ ሃያ መሆኑን አመኑ።

«እሷ ያመጣችው ሠላሳ ነው» አለ ዘርጋው። «ዘጠናው የት ገባ? ሒሳብ አይዋሽም።»

አንዳንዱ ሰው ታንጉትን ላለማየት ፊቱን አዞረ። ዘጠና ብር ለሽማግሌው ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ከዚያ ይልቅ የከበዳቸው ግን የልጅቷ ነገር ነው። ወደ ዘርጋው ጠጋ አሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ዘርጋው። አንተ የቆጠርከው የብሩን መልስ ነው። የልጅቷን መልስ ጠይቀሃል?»

ዘርጋው አልጠየቀም ነበር።

ሽማግሌው ወደ ታንጉት ዞረው ዘይቱን በስንት እንደገዛች ጠየቋት። ሊትሩን በመቶ ሠላሳ አለች። ዘርጋው ሳቀ፤ የዘይት ዋጋ ለእኔ ይነገራል ወይ፣ እኔ ራሴ በመቶ ብር ነው የምሸጠው አለ። ሽማግሌው ለመጨረሻ ጊዜ የሸጥከው መቼ ነው ሲሉት ግን ሳቁ ቆመ። አንዲት ጎረቤት እሷም በመቶ ሠላሳ መግዛቷን ተናገረች። ሽማግሌው እንደገና ቆጠሩ። የዘይቱ ሦስት መቶ ዘጠና፣ የሽንኩርቱ ሰማንያ፤ ከአምስት መቶው የሚተርፈው ልክ ሠላሳ ብር ነው።

«ለምን ተወደደ አሉሽ ልጄ?»

«ከገበያ ጠፍቷል ነው የሚሉት አባባ።»

«የት ገብቶ?»

የታንጉት ዓይን ወደ መጋዘኑ በር ሄደ። የሰውም ሁሉ ዓይን ተከትሏት ሄደ። ዘርጋው ሳያስበው ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ በእጁ ሸፈነ።

በይ ወደ ሥራሽ ግቢ አላት፣ መሬት መሬት እያየ። ታንጉት ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ በሰው ፊት ሌባ ብለውኛል። አሁንም በሰው ፊት ሌባ አይደለችም ይበሉ።»

ዘርጋው ላቡን ጠረገ። ሰውም ይጠብቀው ጀመር፤ አንድም የሄደ የለም። በመጨረሻ «ሌባ አይደለችም» አለ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ሽማግሌው አልሰማሁም አሉት። ደገመው። ታንጉት ያን ጊዜ ጓዟን ሰብስባ ከዋሷ ጋር ወጣች። መጋዘኑም ሰኞ ጠዋት ተከፈተ፤ ወዶ ይሁን ፈርቶ እሱ ያውቃል።

ወዳጄ፣ ሒሳብ አይዋሽም፤ ይኼ እውነት ነው። ሒሳብ ግን የነገሩትን ብቻ ነው የሚያሰላው፣ ያልነገሩትን ከየት አምጥቶ ይቆጥራል? ሰው አጎደለ ብለን ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት ጥያቄያችን ራሱ እንዳልጎደለ እንይ። ጠፋ ብለን የምንጮህለት ነገር በራሳችን ቁልፍ ተቆልፎበት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እስቲ ያስቡት፤ በእርስዎ ቤትስ መልሱን ሳይጠየቅ የተፈረደበት ሰው የለም?