ስንዱ ሳትጽፍ የተወቻት ቀን

በአንድ ወቅት ወልድያ ውስጥ መምህር ገላጋይ የሚባሉ፣ ደጅ ሲወጡ አገር ቆሞ እጅ የሚነሳቸው፣ ቤት ሲገቡ ግን ሚስትና ልጅ ግድግዳ የሚያስጠጉ ሰው ነበሩ። የሚስታቸውን ክንድ በሰበሩ በሳምንቱ፣ «ለዝውውር ጉዳይ ደሴ ደርሼ ልምጣ» ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ሃያ ሁለት ዓመት!

የበኩር ልጃቸው ደምሰው ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ደብተሩን ጥሎ መናኸሪያ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፤ እናቱ ስትሞትም ሁለቱን እህቶቹን አሳድጎ አስተማረ። የመጨረሻዋ ብርቄ አባቷ ሲሄዱ ገና በሆድ ነበረች። መካከለኛዋ ስንዱ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ሁሉን አይታለች፤ አድጋም መጽሐፍ አድርጋ ጻፈችው። የእናቷ ክንድ ሲሰበር ያሰማውን ድምፅ ሳይቀር ጻፈች።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው መምህር ገላጋይ ጉበታቸው አልቆ፣ ምርኩዝ ይዘው በደምሰው ቤት በራፍ ላይ ቆሙ።

ደምሰው አንድ ጊዜ አያቸውና «ተሳስተዋል፤ የዚህ ቤት አባት እኔ ነኝ» ብሎ በሩን ዘጋባቸው።

ብርቄ በጓሮ ዞራ ወጣች፤ ደግፋ ወደምትከራያት ክፍል ወሰደቻቸው። «እኔ የማውቀው የታመመ ሰው ነው» አለች። አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው።

ስንዱ ረቂቋን ይዛ ሄደች። አልጋቸው ፊት ቁጭ ብላ ስለ እርሳቸው የጻፈችውን ምዕራፍ ቃል ሳታስቀር አነበበችላቸው። እንዲክዱ ፈልጋ ነበር፤ ሲክዱ የምትላቸውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር።

«ሁሉም እውነት ነው» አሉ። «ወንዝ ሞልቶ መኪና የጠፋ ጊዜ፣ በወባ ስትንቀጠቀጪ አዝዬሽ ሐኪም ቤት ማድረሴንስ? ረሳሽው?»

አልረሳችውም። የጀርባቸውን ላብ ሽታ ሳይቀር ታስታውሳለች። አውቃ ነው ሳትጽፈው የተወችው። ደሟ ፈላ፤ እኒህ ሰው በወጉ እንድትጠላቸው እንኳ አልፈቀዱላትም!

«አልረሳሁም!» ብላ ጮኸችባቸው። «እናቴም ክንዷን አልረሳችም!»

ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

ከቀብር መልስ ሦስቱ ተፋጠጡ። ብርቄ «የሞት ቃላቸው ነው፤ ያዘሉሽ ያቺ ቀን መጽሐፉ ውስጥ ትግባ» አለች። «ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ አባት የለኝም፤ እሳቸውንም ገምሰሽ አትስጪኝ።»

ደምሰው ጠረጴዛውን ደበደበ። «እሱ አንድ ቀን አዘለሽ! እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸከምኩሽ! ያቺ ቀን ከገባች ስሜን ከመጽሐፍሽ አውጪ፤ ደጄንም እንዳትረግጪ!»

«የታዘልኩት እኔ! የጻፍኩት እኔ! ማንም አያዘኝም!» አለች ስንዱ። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ግን አልቆረጠም።

ማተሚያ ቤቱ ረቂቁን ለነገ ጠዋት ይጠብቃል። እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ በዚያች ቀን ላይ የመጨረሻው ቃል የሚገባው ለማን ነው? ላሳደገው፣ ላስታመመችው፣ ወይስ ለጻፈችው?