ፍየል የታሰረበት ብረት

«አንድ ቤንዚን ቸርቻሪ ነበረ፤ እሳት አጥብቆ የሚፈራ» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና።

ትርንጎ የምትባል ልጅ እግር እናት ጠይቃቸው ነው። «እማሆይ፣ አማቴ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዙኝ አንድ ቃል አልመልስም። ማታ ልጄ ውሃ ቢደፋ ግን እንዲያ የጮህኩበት ለምንድን ነው? አሁን ድምፄን ሲሰማ ይሸሸኛል» አለቻቸው።

ሰውየው ቤንዚኑን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በበርሜል አስቀምጦ ለባጃጅ ነጂዎች ይቸረችር ነበር። ክብሪት የያዘ ሰው ደጁን አይረግጥም። ሲጋራ የያዘውንማ ከሩቅ ያባርረዋል። ሚስቱ እንኳ ወጥ የምትሠራው ከመንገድ ማዶ፣ እናቷ ቤት ነበር። ሰፈርተኛው «ይሄ ሰው ፀሐይዋም ላይ ውሃ ሊረጭ ነው» እያለ ይስቅበታል።

አንድ ቀን ቤንዚን የሚያመጣለት ሾፌር መከረው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ናይለን ሹራብ ከገላ ጋር እየተፋተገ ብልጭታ ያጠራቅማል፤ ማታ ብርድ ልብስ ሲገፈፍ የሚንጣጣው እሱ ነው፤ ስለዚህ ከበርህ ውጭ ብረት ቅበርና በርሜሉን ከመክፈትህ በፊት ንካው፣ ያለብህን መሬት ይውሰደው አለው። ሰውየው ብረቱን ቀበረ፤ አንድ ሁለቴም ነካው። ምንም የታየ ነገር የለም። ሞኝነት መሰለውና አንዲት ፍየሉን አሰረበት።

ታኅሣሥ ላይ፣ ነፋሱ ከንፈር በሚሰነጥቅበት ሰሞን፣ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ አረፈደ። ቀትር ላይ ሚስቱ ልጃቸውን አዝላ ምሳውን ይዛ ገባች። ወዲያው አንድ ባጃጅ ነጂ ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ሰውየው ሞቆት ስለነበር ናይለን ሹራቡን በራሱ ላይ አውልቆ ወረወረ፤ የበርሜሉን ክዳን ፈቶ ሊቀዳ እጁን ሰደደ። ጣቱ የበርሜሉን አፍ ሊነካ ሲል «ጧ» አለ። ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ ሰማያዊ ነገር። ከዚያ ቤቱ ነደደ።

ሚስቱን ከነልጁ ገፍትሮ አወጣ። እነሱ ተረፉ፤ የእሱ እጆች ግን ተቃጥለው ዳግመኛ አልተጨበጡም። ጎረቤት ሲከበው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክብሪት የጫረው ማን እንደሆነ። ሚስቱ ወደ ብረቱ ዞር ብላ አየች። ፍየሏ እንደታሰረች ትጮኻለች።

እማሆይ እዚህ ላይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«የጫረ የለም፣ ልጄ። ራሱ ተሸክሞት ነው የገባው። አንቺም አፍሽን ስለዘጋሽ እሳት የለብኝም ብለሻል። ቀኑን ሙሉ ስትፋተጊ የዋልሽው ታዲያ የት ይሄዳል? መጀመሪያ የሚነካሽን ይጠብቃል። ጥፋቱ የተደፋው ውሃ አይደለም። ብረትሽን ከበር ውጭ ቅበሪ። ወይ አማትሽን ‹እትዬ፣ ይሄ ነገር ከፍቶኛል› በያቸው፤ ወይ እኔ ጋ መጥተሽ አልቅሺ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ለመሬት የቀረብኩ ነኝ፤ እችለዋለሁ። ልጅሽ ግን በርሜሉ ነው።»

ትርንጎ ወዲያው አልተነሳችም። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት ፊቷን ጠርጋ ወደ ልጇ ሄደች።