ሁሉንም ሰርዝ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም። ስሙን ብነግራችሁ እሱን ለማወቅ ትደክማላችሁ፤ እኔ ዛሬ እንድትደክሙ የምፈልገው ራሳችሁን ለማወቅ ነው።

ይህ ሰው አዳማ ውስጥ የሕክምና ዕቃ በሚያስመጣ አንድ ድርጅት ይሠራ ነበር። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው። ጠዋት ቢሮ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ ኢሜይሉን ይከፍታል። የሥራ ትጋት እንዳይመስላችሁ። የሚጠብቀው አንድ ደብዳቤ ነበረው፤ ከልጁ ከትርሲት።

ትርሲት አንድያ ልጁ ናት። ከአራት ዓመት በፊት እሱ የማይወደውን ሰው፣ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ ወደደች። አባት ተቆጣ። አባቶች፣ ስንቆጣ ምን እንደምንል ታውቁታላችሁ። «ከዚህ በር ከወጣሽ ወደኋላ አትመልከቺ!» አላት። ወጣች። እሱም እልህ ያዘውና የራሱንም የሚስቱንም ስልክ ቁጥር ቀየረ፤ የተከራዩትንም ቤት ለቆ ሌላ ሰፈር ገባ። ያልቀየረው የመሥሪያ ቤቱን የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነው። እሱ የድርጅቱ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ቢችል ኖሮ እሱንም ነበር!

እልህ ግን ስንት ቀን ያበላል? አንድ ዓመት ሳይሞላ ልጁን ይፈልግ ጀመር። ለሥራ ነው ብሎ ፈቃድ ወሰደና ሚዛን ከተማ ድረስ ሄደ፤ ልጁና ባሏ ወደዚያ ሄደዋል ሲባል ሰምቶ። ሦስት ቀን መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዞ ጠየቀ። «ነበሩ፤ ለቀዋል» አሉት። ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ተስፋ ያቺ ያልቀየራት አድራሻ ናት።

ማታ ማታ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ወይዘሮ ወርቅያንሹ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ጤና ይስጥልኝም አትለው፣ እንዴት ዋልክም አትለው።

«ዛሬስ?» ትለዋለች።

«ዛሬም» ይላታል።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ወገኖቼ። «ዛሬስ?» «ዛሬም።»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ታሪኩን እንቀጥል። በድርጅቱ ለአንድ ሠራተኛ አንድ ቀን የማያውቀው ሰው ኢሜይል ላከለት። «ወንድሜ፣ እባክህ እርዳኝ፤ አባቴ ሊሞትብኝ ነው፤ የሐኪሙን ወረቀት አያይዤልሃለሁ» ይላል። ሠራተኛው አዘነ፤ የተያያዘውን ከፈተ። ወረቀቱ ወረቀት አልነበረም፤ ቫይረስ ነበር። በአንድ ጀምበር የድርጅቱ ፋይል ሁሉ ተቆለፈ። ዘጠኝ ቀን በእጅ ጽፈው ሠሩ። ሥራ አስኪያጁም ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ «የኮምፒውተር ኃላፊ አለን ስንል ነበር፤ ለካስ የለንም» አለ። ሰውዬው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ስለዚህ ለኢሜይሉ ዘበኛ ተቀጠረለት። ይህ ዘበኛ ሰው አይደለም። ክላውድ ይሉታል፤ ሩቅ አገር ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ አገልግሎት ነው። ለድርጅቱ የተላከ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይፈተሻል። ጤነኛው ያልፋል። የሚያጠራጥረው ማቆያ ውስጥ ይገባል፤ ሠላሳ ቀን የሚፈልገው ከሌለ ይጠፋል። በየጠዋቱም ለኃላፊው የታገዱት ዝርዝር ይመጣለታል፤ የላኪው አድራሻና ርዕሱ ብቻ። ከሥር «ልቀቅ» የሚል አለ፤ «ሁሉንም ሰርዝ» የሚል አለ።

መልካም ዘበኛ ነው። እኔ በዘበኛው ላይ ክፉ አልናገርም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ አማርኛ በደንብ አያውቅም። በአማርኛ የሚያለቅሰውን አጭበርባሪ ያሳልፈዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? ሰውዬው ተቀመጠና ዘበኛውን አማርኛ አስተማረው። እነዚህን ቃላት ያየህበትን ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ያዝ ብሎ በዝርዝር ጻፈለት። «እባክህ» ያዝ። «ይቅርታ» ያዝ። «ናፍቆት» ያዝ። «አባዬ»፣ «እማዬ» ያዝ።

አያችሁ? ገባችሁ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ሊሰማት የሚሞትላትን ቃል፣ በገዛ እጁ ከልካይ አቆመባት። ጠዋት ቆሞ ይጠብቃታል፤ በሩን የዘጋባት ራሱ ነው። አላወቀም። ዘበኛውን ሲያስተምር ስለ ሌቦች እያሰበ ነበር እንጂ ስለ ልጁ አላሰበም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ዝርዝሩ ይመጣል። ሠላሳ፣ አርባ ደብዳቤ። አንድ ቀን «እባክህ አንብበው» የሚል ርዕስ አየ፤ ላኪው የማያውቀው አድራሻ ነው። ሳቀ። «አነበብኩልህ!» አለና «ሁሉንም ሰርዝ» የሚለውን ተጫነ። ማታ በር ላይ ወርቅያንሹ ቆማለች። «ዛሬስ?» «ዛሬም።»

በዚህ መሃል የኩላሊት ጠጠር ያዘውና ሐኪም ቤት ተኛ። ሥራውን ለጊዜው የመዝገብ ቤቷ እትዬ ስንቅነሽ ተረከቡ። እትዬ ስንቅነሽ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ከመሄዱ በፊት አሳያቸው።

«ጠዋት ዝርዝሩ ይመጣል፤ እትዬ፣ ይቺን ይጫኗታል። ሁሉንም ሰርዝ። አለቀ።»

«ሳይነበብ?»

«ሳይነበብ። ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻ መሆኑን በምን አወቅክ፣ ካልተነበበ?»

«ዘበኛው ያውቃላ!»

«ስማ ወንድሜ፣» አሉት፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ስድብም መጥቶልኛል፣ የእብድ ደብዳቤም መጥቶልኛል። ሳላነብ የጣልኩት የለም። ደብዳቤ የመጣበት ሰው አለው።»

ሳቀባቸው። እናንተም ብትሆኑ ትስቁ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም አሉ፤ እንስቅባቸዋለን።

በሦስተኛው ሳምንት ቢሮ ሲገባ፣ እንደ ልማዱ ቆሞ ኢሜይሉን ከፈተ። ምንም የለም። ቁጭ ሲል ጠረጴዛው ላይ በወረቀት የታተመ ደብዳቤ አየ። «ገቢ» የሚል ማኅተም አለበት፤ ቁጥር አለው፤ ቀን አለው። እትዬ ስንቅነሽ የተያያዘ ነገር ሳይነኩ፣ የታገዱትን እዚያው ማቆያው ውስጥ እንዳሉ አንድ በአንድ እያነበቡ፣ እውነተኛ የመሰላቸውን አትመው እንደ ድሮው መዝግበውታል። ከአራት መቶ ከምናምን ደብዳቤ የመዘገቡት ይህን አንዱን ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ?»

«የድርጅቱ አይደለም። የአንተ ነው» አሉት፤ ፊታቸውንም አዞሩ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

«አባዬ፣ ይቅርታ። ይህ አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አንተም እማዬም በሕይወት መኖራችሁን እንኳ አላውቅም። ናፍቆት እንዲህ መሆኑን ስወጣ አላወቅኩም ነበር። ልጅ ወልጃለሁ፤ ሦስት ዓመቷ ነው። ወርቅያንሹ አልኳት። እባክህ አንዴ ብቻ መልስልኝ። ባለቤቴ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውሯል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ ነን። እስከዚያ ዝም ካልከኝ፣ መልስህ እሱ ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ከእንግዲህ አላስቸግርህም። ትርሲት።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

በዚህ ዘመን ሕፃን ልጅን ወርቅያንሹ ብሎ የሚጠራ ማን አለ? የናፈቀ ሰው ነው እንጂ!

ቀኑ ሃያ ሰባት ነበር።

ሰውዬው ደብዳቤውን ደግሞ አነበበው። «አባዬ»። «ይቅርታ»። «እማዬ»። «ናፍቆት»። «እባክህ»። እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል። የራሱ ዝርዝር ነው። «አምስተኛ» የምትለው ላይ ሲደርስ ጣቶቹን አያቸው፤ አራቱን የሰረዙትን ጣቶች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ደወለ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አባዬ፣» አለች፣ «ሌሎቹ አራቱ ደርሰውህ ነበር?»

አልደረሱኝም ማለት ይችል ነበር። ማን ይመሰክርበታል?

«ደርሰው ነበር ልጄ። ሳላነብ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም። ምን ነበር የጻፍሽልኝ?»

«ረሳሁት» አለችው።

አልረሳችም። አባት ነውና አወቀ። የሠርጓ ቀን እዚያ ውስጥ አለ። ስታምጥ «ምነው እማዬ በኖረች» ያለችው እዚያ ውስጥ አለ። የሕፃኗ የመጀመሪያ ሣቅ እዚያ ውስጥ አለ። ሠላሳ ቀን ጠብቀው ሳይሆን በእሱ ጣት ጠፍተዋል፤ የሚመልሳቸው የለም። ልጅ ግን አባቷን ስለወደደች «ረሳሁት» አለች።

ያን ዕለት ማታ ወርቅያንሹ በር ላይ ቆማለች።

«ዛሬስ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

በወሩ ሃያ ዘጠኝ ትርሲት ልጇን ይዛ መጣች። ደስታ ሆነ። ሰውዬው ግን እስከ ዛሬ፣ ዝርዝሩ ሲመጣለት አንድ በአንድ ያነባል፤ የማይመጡትን አራቱን ደብዳቤዎች እንደሚፈልግ ሰው።

ወገኖቼ፣ እናንተ ዘበኛችሁን ምን አስተምራችሁታል?

የተጎዳ ሰው በር ይዘጋል፤ አልፈርድበትም። አንዴ የከዳችሁ ጓደኛ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ «ወንድሜ» የሚላችሁን ሁሉ ያዝ አላችሁት። አንዴ ጸልያችሁ የለመናችሁት አልሆነም፤ ከዚያ ወዲህ የሚያጽናናችሁን ቃል ሁሉ ያዝ አላችሁት። ደግሞስ ማታ ማታ ተንበርክካችሁ «ጌታ ሆይ፣ ምነው ዝም አልከኝ?» ትላላችሁ። ዝም ብሏል? ወይስ አምስተኛውን እየጻፈ ነው?

ዘበኛውን አባርሩ አላልኳችሁም። ሌባ አለ፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ሳታነቡ አትሰርዙ! ያቺን ስትደውልላችሁ የማታነሷትን እህት፣ «ደግሞ መጣ» የምትሉትን አባት፣ «ይቅርታ» ሲል ተንኮል ነው ያላችሁትን ባል። አንብቡት። ለእግዚአብሔርም እንዲሁ። እሱ አምስተኛውን ብቻ አይደለም፣ ሺውንም ይጽፋል፤ እናንተ ግን ሺህ ወር የላችሁም።

አሁን ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። የናፈቃችሁትን ሰው የሚጠብቅ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል። ምናልባት ሚስት ናት፤ ምናልባት እናት ናት፤ ምናልባት የገዛ ልባችሁ ነው። ይጠይቃችኋል።

ዛሬስ?