«አለቀ» ያለው ቴፕ ገጣሚ

በመኪና ላይ ቴፕና ስፒከር የሚገጥም አንድ ባለሙያ ነበር። ስሙ ሞላልኝ ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ሲሠራ፣ እሱ የገጠመው ቴፕም ሆነ ስፒከር ተበላሽቶ የተመለሰበት ጊዜ አልነበረም። በዚህም ይኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካሳዬ የሚባል የሰፈሩ ሰው አሮጌ ነጭ መኪናውን ይዞ መጣ። የታናሽ ወንድሙ ሠርግ በዚያው ቀን ነው። ሙሽራዋን ለማምጣት አርባ ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ የካሳዬ መኪና ደግሞ አጃቢዎቹን እየመራ ከፊት ይሄዳል።

«ጋሽ ሞላልኝ፣ ይህን ሰብዉፈር ከቴፑ ጋር ያገናኙልኝ። ቤዝ የሌለው ሠርግ ለቅሶ ነው የሚመስለው» አለ፣ ትልቁን ጥቁር የስፒከር ሣጥን እያወረደ።

«ጣውላ ቆርጬ፣ ሣጥኑን እሱ ላይ አስሬ ነው የምገጥመው። ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

«ስድስት ሰዓት ላይ መነሳት አለብን። እባክዎ!»

ሞላልኝ እምቢ ማለት አልቻለም። ካሳዬ ልብሱን ሊቀይር ሲሄድ እሱ ሥራውን ጀመረ። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ስቦ በምንጣፉ ሥር አሳለፈ፤ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር አሰረ፤ ከቴፑ ጋር አገናኘው። ሲከፍተው የመኪናው መስታወት ተንቀጠቀጠ። የቀረው ሣጥኑን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ጋር ማሰር ብቻ ነበር። ጊዜ ስለሌለው ጣውላውን ተወው። አጫጭር ብሎኖች ስላለቁበት ረጃጅሞቹን አነሳ። ከወለሉ ሥር ምን እንዳለ ጎንበስ ብሎ አላየም።

አራተኛው ብሎን መጀመሪያ ጠነከረበት፤ ከዚያ በአንዴ ስምጥ አለ። እጁ ነገሩን ከእሱ ቀድሞ አወቀ። ብሎኑን መልሶ ሲያወጣው ጫፉ ረጥቧል። አሸተተው። ቤንዚን ነው። ካሳዬ ለመንገዱ ብሎ ጠዋት ጢም አድርጎ የሞላውን የነዳጅ ታንክ በስቶታል።

ሞላልኝ ክው ብሎ ቀረ። ይሄኔ ካሳዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እየሳቀ በበሩ ገባ።

«አለቀ?»

«አለቀ» አለ ሞላልኝ። ብሎኑን በፍጥነት መልሶ አጠበቀው።

ካሳዬ አቅፎ ሳመውና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። የቤዙ ድምፅ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሰማ ነበር።

ሞላልኝ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ብሎኑ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖታል» አለ ለራሱ። «ሰኞ ጠርቼው አንድ ሰበብ ፈጥሬ አስተካክለዋለሁ።» እጁን በሳሙና ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። ግን ይህን ሥራ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያ ሁሉ ንዝረት አርባ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ብሎን እንደሚያላላ ያውቃል። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ከቀዳዳው አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ እንደሚያልፍም ያውቃል፤ ያሳለፈው እሱ ነው።

ለካሳዬ ስልክ ደወለ። አይነሳም። በዚያ ሙዚቃ መሐል ማን ይሰማል? ጋራዡን ሳይዘጋ ወጥቶ ባጃጅ ላይ ዘለለ።

ካሳዬ ቤት ሲደርስ መኪኖቹ አበባ ታስሮባቸው ተሰልፈዋል። ወጣቶች እየዘፈኑ ነው። የካሳዬ እናት፣ እማማ ደብሪቱ፣ በነጭ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ የካሳዬ ልጆች፣ አሉ። ሞተሩ ተነስቷል።

«አጥፋው! ሞተሩን አጥፋው! እማማ፣ ይውረዱ! ልጆቹን አውርዱ!» እያለ ጮኸ።

ዘፈኑ ቆመ። ካሳዬ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። «ምን ሆኑ፣ ጋሽ ሞላልኝ?»

«ታንኩን በስቼዋለሁ።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

ሞላልኝ መዋሸት ይችል ነበር። «አሁን ነው የታየኝ» ቢል የሚጠረጥረው አልነበረም።

«መኪናውን ልትወስድ ስትመጣ አውቅ ነበር» አለ።

አንድ አጃቢ ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር አየ። ሲነሳ ፊቱ ተለዋውጧል። ቤንዚኑ በታንኩ ጎን እየወረደ መሬቱን አርጥቧል። የዕቃ መጫኛውን ሲከፍቱት ብሎኑ ግማሽ ድረስ ላልቶ አገኙት። ሲጋራ ይዞ የነበረ አንድ ሰው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ራቀ። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች።

ካሳዬ የሞላልኝን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ። «እናቴን! ልጆቼን! እያወቁ?»

እማማ ደብሪቱ የልጆቹን እጅ እንደያዙ ቀረብ አሉ። «ልቀቀው ልጄ። ባይመጣ ኖሮ እኔ አሁን መንገድ ላይ ነበርኩ።»

ካሳዬ ለቀቀው፤ ግን ይቅር አላለውም። ሠርገኞቹ በሌሎቹ መኪኖች ተጨናንቀው፣ ዘግይተው ሄዱ። በማግስቱ ሞላልኝ ታንኩን አውርዶ ጠገነ፤ ሣጥኑንም በጣውላ ላይ አሰረው። ካሳዬ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለና ሄደ። ወሬው በከተማው ተዳረሰና ብዙ ደንበኞቹ ቀሩ።

ከዓመት በኋላ አንድ ጓደኛው ጠየቀው፦ «ያን ቀን በጣም ያስደነገጠህ ምኑ ነው? ቤንዚኑን ማየትህ ነው?»

ሞላልኝ ራሱን ነቀነቀ። «ራሴን ነው የፈራሁት። ሃያ ዓመት ታማኝ ነኝ እል ነበር። ለካ ማንም ፈትኖኝ አያውቅም። የመጀመሪያው የፈተና ቀን ሲመጣ፣ ለመዋሸት አንዲት ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም።»

ወዳጆቼ፣ መሳሳት የሁላችንም ዕጣ ነው፤ የሰው እጅ ይስታል። ሰውን የሚያጠፋው ግን ስህተቱን ካወቅን በኋላ ስማችንን ለማዳን ዝም የምንልባት ጊዜ ናት። እውነቱን ዘግይቶ መናገር ያሳፍራል፤ ክብርም ደንበኛም ያሳጣል። ቢሆንም በዚያ ቀን ሁለት ሕፃናትና አንዲት እናት በእግራቸው ከመኪናው ወርደዋል።

እናንተስ? «አለቀ» ብላችሁ የሸኛችሁት፣ አሁን በመንገድ ላይ ያለ ሰው አለ?