ውሃ የጠጣው ድንጋይ

በወገል ጤና የኦፓል ገበያ አንዲት አባባል አለች። ሰው ተቻኩሎ ሲመሰክር አንዱ ሽማግሌ ቀና ብሎ ጣል ያደርጋታል፤ ሌላው ይስቃል። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን የለም። እኔ አውቃለሁ፤ በእኔ ምክንያት የወጣች ናት። የሰደበኝ የአክስቴ ልጅ ይመር ሽበሺ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ 5፣ የሆሳዕና እሁድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በሰው አገር፣ በሰው ፊት።

አሥር ሆነን ከቆፈርነው ጉድጓድ የርግብ እንቁላል የሚያህል ኦፓል ወጣ። ስታዞረው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይነድዳል። ጓደኞቼ «አራጋው ይያዘው፣ እሱ አይዋሽም» ብለው ሰጡኝ። ይመር ደሴ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ፓስፖርቱንም ትኬቱንም የጨረሰው እሱ ነው እንጂ ኦፓል ከዚያ በፊት በእጁ ይዞ አያውቅም። ታይላንድ፣ ቻንታቡሪ ወደምትባል የከበረ ድንጋይ ከተማ ይዞኝ ሄደ። አርብ ዕለት አንድ ገዢ ድንጋዩን አይቶ ወደደውና «እሁድ አምጡልኝ» አለ። እሁድ የአገሩ ዘመን መለወጫ መሆኑን ለእኔ የነገረኝ የለም።

እሁድ ጠዋት ይመር ወደ ገዢው ቢሮ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ድንጋዩን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከትቼ ልወጣ ስል፣ ሶምሲ የምትባለው አከራያችን እጄን ይዛ ከሽማግሌዎች ጎን አስቀመጠችኝ። ልጆቿ አበባ የተነሰነሰበት ውሃ ይዘው፣ ተንበርክከው፣ በየሽማግሌው እጅ ላይ ቀስ እያሉ ያፈሳሉ። አሃ፣ ምግብ ሊቀርብ ነው፣ እያስታጠቡን ነው አልኩ። እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ አፈሰሱልኝ። ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋ ቢያቀርቡ ምን እላቸዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ ጭራሽ ምግቡም የለ። እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ከእኔ አንድ ነገር ይጠብቃሉ፤ እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ከእነሱ እጠብቃለሁ። አስታጥቦ የማያበላ ቤት! ተናድጄ ተነስቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝና ትከሻዬ ላይ ጣሳ ሙሉ ውሃ ደፋችብኝ። ሌላው መጥቶ ጉንጬን ነጭ ጭቃ ቀባኝ። «ምን አደረግኋችሁ?» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሳቁና ደገሙኝ። በመኪና ላይ በርሜል የጫኑ ደግሞ በባልዲ መጡብኝ። ለፖሊስ አቤት ልበል ብዬ ሮጥኩ፤ ፖሊሱ ራሱ ከእግር እስከ ራሱ ርሷል፣ ጉንጩም ተቀብቷል፣ ይስቃል። ፖሊስ ላይ ውሃ በሚደፋበት አገር አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ገዢው ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። ይመር ተቀምጧል። አጠገቡ አስተርጓሚያችን አሉ፤ ጋሼ በላቸው ይባላሉ፣ እዚያ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ጨርቁን ፈታሁ። ቀይ የለ፣ አረንጓዴ የለ። የጠርሙስ ስባሪ መስሎ ጣቴ በውስጡ ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ይመር።

«ውሃ ጠጥቶ ይሆናል» አልኩ። ከጉድጓድ እርጥብ ሲወጣ ደብዘዝ ይላል እንጂ እንዲህ ጥርግ ብሎ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። የእኔው ድንጋይ መሆኑን ራሴም ተጠራጠርኩ።

«ድንጋይ ጠጣ ይለኛል! የጠጣኸው አንተ ነህ! አራተኛ ክፍል ያላለፈ ቆፋሪ እኔን ሊያታልል? የት ለወጥከው? ሌባ!»

በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ።

«ቆይ እንጂ ይመር» አሉ ጋሼ በላቸው። «የእናንተ አገር ድንጋይ ውሃ ይጠጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይድረቅና እንየው። ውሃውም ቢሆን ጥቃት አይደለም፤ እዚህ በዘመን መለወጫ ታናሽ በታላቁ እጅ ላይ ውሃ አፍስሶ ምርቃት ይለምናል።»

የሶምሲ ልጆች የጠበቁት ምርቃት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ለማፈር እንኳን ጊዜ አላገኘሁም።

«ጋሼ፣ እርስዎ አያውቁትም» አለ ይመር። እዚያው ስልኩን አውጥቶ ወገል ጤና ደወለ። «አራጋው ድንጋያችሁን ሸጦ በጠርሙስ ተክቶታል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። በማግስቱ ሚስቴ ከውሃ ወረፋ ላይ «የሌባ ሚስት» ተብላ ተባረረች።

ገዢው ድንጋዩን መስታወት ሣጥን ውስጥ ቆለፈው። በየቀኑ እየሄድን እናየዋለን። መጀመሪያ እንደ ወተት ነጣ። ይመር «ደግሞ ኖራ ሆነ» ብሎ አፌዘብኝ። በአምስተኛው ቀን ስንገባ ሣጥኑ ውስጥ ቀዩም አረንጓዴውም ይነድዳል። ገዢው አጨበጨበ፤ ጋሼ በላቸው አማተቡ።

ይመር አገላብጦ አየው። «ታዲያ አስረግጠህ አትነግረኝም ነበር? በል፣ የወንድማማች ነገር ነው፣ እርሳው» አለኝ።

እርሳው! አገሬን ሁሉ ሌባ አሰኝቶኝ! ፊቴን አዙሬ ከቢሮው ስወጣ ጋሼ በላቸው ከኋላዬ «አየህ ይመር፣ በእርጥቡ የፈረደ በደረቁ ያፍራል» ሲሉት ሰማሁ።